ሾፌሩ በእትዬ መስመር ወንበር ላይ

መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው የግራ እግሩ ነው። ሰውየው አግዳሚው ላይ ይቀመጣል፤ እጆቹን ጭኖቹ ላይ ያሳርፋል፤ ገና ምንም ሳይጀምር የግራ እግሩ ብቻውን ይነሳና አየሩን ቀስ ብሎ ይረግጣል። እዚያ የሚረገጥ ነገር የለም። እግሩ የፈለገውን ሲያጣ እንዳፈረ ሰው ተመልሶ ወለሉ ላይ ያርፋል። የእግሩ ጌታ ይህን ሁሉ አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት አውቶቡስ ነድቶ ጡረታ ከወጣ ስምንት ወሩ ነው፤ እግሩ ግን ገና አልወጣም፤ አሁንም ፍሪሲዮን ይፈልጋል።

የተቀመጠው ሽመና ቤት ውስጥ ነው። ጣሪያው ከፍ ያለ፣ በአንድ ወገን ስድስት ትልልቅ መስኮቶች ያሉት ረጅም ክፍል ነው። አሥራ ሁለት የሽመና ዕቃዎች በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ እያንዳንዱ አልጋ የሚያህል የእንጨት ዕቃ ነው፤ ከላይ ክፈፎች ተንጠልጥለውበታል፣ ከታች ሁለት መርገጫ አለው። ከመስኮቱ በሚገባው ብርሃን ውስጥ የክር ብናኝ ሲዋኝ ይውላል። ሴቶቹ ማታ ከሥራ ሲወጡ ቅንድባቸው ላይ ስስ ነጭ ነገር ተቀምጦ ይገኛል፤ ሁሉም ለአንድ ቀን ያህል ያረጁ ይመስላሉ፤ በር ላይ እርስ በርስ ይራገፉና እንደገና ወጣት ይሆናሉ። በአሥራ አንዱ ዕቃዎች ላይ የተቀመጡት ሴቶች ናቸው። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ላይ እሱ።

ሦስተኛው የሚስቱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ተቀምጣበታለች። አግዳሚው በእሷ ልክ ጎድጉዷል፤ እሱ ሰፊ ሰው ስለሆነ ጎድጓዳው አይበቃውም፤ ግማሽ ገላው ሁልጊዜ ከፍ ብሎ ነው የሚቀመጠው። ሚስቱን በሽመና ቤቱ በስሟ የሚጠራት የለም። «እትዬ መስመር» ናት። ለምን እንደተባለች ለማወቅ የምትሠራውን የአልጋ ልብስ አንድ ጊዜ ማየት ይበቃል።

ተራ ጨርቅ ሲሠራ ማጉ አንድ ነው፤ በመወርወሪያ ሆኖ ከዳር ዳር ይሄዳል፣ ከዳር ዳር ይመለሳል። እትዬ መስመር ግን ማጓን ሁለት አድርጋ ነው የምትሠራው። ሰማያዊው በመወርወሪያ ውስጥ ሆኖ ከቀኝ ይነሳል። ነጩ በግራ በኩል ወለሉ ላይ ቅርጫት ውስጥ ተቀምጦ ይጠብቃል። መርገጫው ሲረገጥ የድሩ ክሮች ግማሾቹ ይነሳሉ፣ ግማሾቹ ይወርዳሉ፤ ድሩ አፉን ይከፍታል። መወርወሪያው በዚያ አፍ ገብቶ ግራ ዳር ይደርሳል፤ እዚያ ነጩን ክር ይዞረዋል፤ አፉ ሳይዘጋ በመጣበት ይመለሳል። ሲመለስ ነጩን እየጎተተ ነው። ሁለቱ ክሮች እንደታረቁ ልጆች ትንሽ ጣት ለትንሽ ጣት ተያይዘው ይመጣሉ። ከዚያ በኋላ ሰማያዊው ከተሳበ ነጩ ወደ ቀኝ ይገባል፤ ነጩ ከተሳበ ሰማያዊው ወደ ግራ ይሄዳል። የተቆላለፉባት ነጥብ የት ትረፍ? ይህ የሸማኔዋ ፈንታ ነው። ነጥቧ ስትወሰን ድሩ ያለፈበት ጥርሳም ማበጠሪያ ዷ! አድርጎ ይመታታል፤ አንድ ረድፍ አለቀ። አንድ የአልጋ ልብስ ዘጠኝ መቶ ያህል ረድፍ አለው። ዘጠኝ መቶዎቹ ነጥቦች አንዱ ከአንዱ ሥር ሲደረደሩ ሰማያዊውን ከነጩ የሚለይ መስመር ይወጣቸዋል።

ሥራውን «ማቆላለፍ» ይሉታል። እዚያ ካሉት ሴቶች አብዛኞቹ ይችሉታል። የእትዬ መስመር ግን ሌላ ነው። የእሷ መስመር ውሃ ሜዳ ላይ ሲሄድ ይመስላል፤ የት ላይ እንደታጠፈ ጣትን አስቀምጦ «እዚህ ጋ» ማለት አይቻልም፤ ቀና ሲሉ ዞሮ ይገኛል።

ታዲያ እትዬ መስመር አንድ ጠዋት የቤታቸውን የውጭ ደረጃ አጠበችና ሳይደርቅ ወረደችበት። ቀኝ ትከሻዋ ተሰበረ። ሐኪሙ ክንዷን ከደረቷ ጋር ጠፍሮ አሰረውና ንቅንቅ እንዳትል፣ አውቶቡስ ላይም እንዳትወጣ አዘዛት።

ከትከሻዋ ይልቅ ያንገበገባት በሽመና ቤቱ በር ላይ የተለጠፈው ወረቀት ነው። «በስድስት ሳምንት ውስጥ አንድ ያለቀ ሥራ ያልወጣበት ዕቃ ለተረኛ ይሰጣል» ይላል። ከሥሩ የተረኞቹ ዝርዝር አለ፤ ዘጠኝ ሴቶች። የሽመና ቤቱ ኃላፊ ደግሞ ሕጉን በእጇ የጻፈች፣ በእጇ የለጠፈች፣ ለገዛ እህቷ እንኳ ያላጠፈች ሴት ናት። የእህቷ ዕቃ አሁን በሩ አጠገብ ያለው ነው፤ ሌላ ሰው ይሠራበታል።

በሦስተኛው ዕቃ ላይ ሩቡ ያለቀ የአልጋ ልብስ ተወጥሮ ቀርቷል።

«በቃ፣ ሄደ» አለች እትዬ መስመር፣ ከሆስፒታል በወጣች ማግስት ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጣ። «ሃያ ሁለት ዓመት። መስኮቱም ሄደ።»

ባሏ ሰው ሲያዝን አፉን መያዝ የማይሆንለት ሰው ነው። አውቶቡስ ላይም እንዲሁ ነበር፤ መንገድ ሲዘጋ እንደማይከፈት እያወቀ «አሁን ይከፈታል፣ አሁን» ሲል ነው የኖረው።

«አይዞሽ» አለ፤ «እኔ ልቀመጥበታ!»

ለማጽናናት ያህል ነበር። እሷ ግን ቀና ብላ ከእግር እስከ ራሱ አየችው፤ የሚገዛ ዕቃ እንደምታይ።

«ክንድህ እንኳ ረጅም ነው» አለች።

«ኧረ አንቺ ሴት፣ እኔ ለጨዋታ ያህል…»

«ሁለት ወንበር አምጣ። ሲባጎም።»

ሁለቱን ወንበሮች ፊት ለፊት አቁመው ሲባጎውን ሃያ ቦታ ወጠሩባቸው። በመወርወሪያ ፋንታ ማንኪያ ሰጠችው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ስድሳ ሰው ጭኖ ገደል አፋፍ ሲሄድ እጁ ያልተንቀጠቀጠ ሰው፣ በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ ወጥ ቤት ውስጥ ማንኪያ ይዞ ላብ በላብ ሆነ። ማንኪያው ይገባል፣ ነጩን ክር ይዞራል፣ ይመለሳል። ይገባል፣ ይዞራል፣ ይመለሳል። እሷ በግራ እጇ እየጠቆመች፣ እየተቆጣች፣ አንዳንዴም «ጎሽ» እያለች እስኪመሽ አስቀመጠችው።

ኃላፊዋ ነገሩን ስትሰማ ወደ በሩ ሄዳ ወረቀቷን አነበበች። የጻፈችውን የማታስታውስ አይደለችም፤ ግን ሳታነብ አትናገርም።

«ሥራ ይውጣበት ነው የሚለው» አለች። «ማን ይቀመጥ አይልም። ይቀመጡ። አንድ ሳምንት አልፏል።»

ሾፌሩ ሽመና ቤት የገባው እንዲህ ነው። ከፊት ለፊቱ የምትሠራዋን ሴት ሥራ ላይ ሳለች ማፏጨት ስለማታቋርጥ «ፉጨት» ይሏታል። እሱ ሲቀመጥ ፉጨቷን አቋረጠች። ይህ ራሱ እንደ ወሬ ተወራ።

«ጋሼ፣ ሞተሩ ይሙቅ እንጂ!» አለችው።

«ቀበቶ አሰሩ እንዴ?» አለች ሌላዋ ከኋላ።

«የኋላ መቀመጫ ላይ ያላችሁ ዝም በሉ!» አለ ሳይዞር። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። እሱ ግን ፊት ለፊቱ ያለውን ድር እያየ ነበር። አራት መቶ ክር። በሕይወቱ ይህን ያህል ቀጭን ነገር በአንድ ጊዜ ተደርድሮ አይቶ አያውቅም፤ ብርሃን ሲያርፍበት እንደ ዝናብ ነበር፤ የቆመ ዝናብ።

የመጀመሪያው ሳምንት የእግር ሳምንት ሆነ። መርገጫውን ሲረግጥ ድሩ አፉን በግማሽ ብቻ ይከፍታል፤ መወርወሪያው ይጠልቅና የታችኞቹን ክሮች ይዞ ይወጣል። ያንን መፍታት ነው፤ እንደገና መርገጥ ነው፤ እንደገና መፍታት ነው። በቀን ስድስት ረድፍ ከሠራ ብዙ ነው። ፉጨት መጥታ አየችለት፣ ክንዱንም መወርወሪያውንም መረመረች፣ ምክንያቱን አጣችው።

ቤት ገብቶ ለሚስቱ ነገራት።

«እግርህን አሳየኝ» አለች።

«እግሬ ምን ሆነ?»

«ና እዚህ። እግሬ ላይ ቁም። እንደ መርገጫው አድርገህ ርገጠኝ።»

ጫማውን አውልቆ እግሩን በእግሯ ላይ አሳረፈ። ከዚያ ረገጣት፤ ቀስ፣ ቀስ፣ ለስለስ አድርጎ፤ መሃል ላይ ቆም አለ፤ ትንሽ ጨመረ፤ ደግሞ ቀስ ብሎ ለቀቃት።

እትዬ መስመር የተሰበረ ትከሻዋን እንደያዘች ከት ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ትከሻዋን አሳመማት፤ እያመማት ሳቀች። «ምንድን ነው ይሄ? ምን እያባበልከኝ ነው?»

«ፍሪሲዮን እኮ ካልተባበለ መኪናው ይዘላል!»

«ይዝለል! ደፍተህ ርገጠው! ተሳፋሪ የለበትም!»

በማግስቱ ደፍቶ ረገጠው፤ ድሩ አፉን ወለል አድርጎ ከፈተ። ግን ሌላ ጣጣ መጣ። መወርወሪያው ግራ ዳር ሲደርስ እግሩ ይነሳል። ደረሰ ማለት አቆመ ማለት ነው ለዚያ እግር። መወርወሪያው ነጩን ዞሮ ሊመለስ ሲል አፉ ተዘግቶ ያገኘዋል። ፉጨት ይህን ያወቀችው ከሩቅ፣ በድምፁ ነው። «ጋሼ፣ የደርሶ መልስ ነው እኮ! መልሱን ሳያመጡ በር አይዝጉ!» እያለች ከመቀመጫዋ ትጮኽበታለች። ለሦስት ቀን ያህል በየረድፉ «መልስ! መልስ!» አለችው። በአራተኛው ቀን ዝም አለች። እሱም ዝም ማለቷን ልብ ያለው እሷ ወደ ፉጨቷ ከተመለሰች በኋላ ነው።

እግሩ ሲገራ መስመሩ ቀረ። ሚስቱ የጀመረችው ሩብ ፊቱ ተወጥሯል፤ ከዚያ መቀጠል ነው። እንዴት? በሥራው ጠንቃቃ ሰው ነው፤ አንድ ቀን የመብራት እንጨት ከመግጨቱ በቀር ስሙ በክፉ አልተነሳም፤ ያንንም ቢሆን እንጨቱ ያለቦታው ቆሞ ነበር ይላል። ስለዚህ ማስመሪያ ይዞ መጣ። የሚስቱን ነጥቦች ለካ፤ በደብተር ጻፈ፤ አማካይ አወጣ። አምስት ረድፍ ቀጥ፤ ከዚያ ሁለት ጣት ወደ ግራ። አምስት ረድፍ ቀጥ፤ ሁለት ጣት ወደ ግራ። ነጥቡን በጠመኔ እያመለከተ፣ ሰማያዊውን እየሳበ ልክ ምልክቱ ላይ እያቆመ። ዝንፍ አይልም። ክሩ አልላላም፣ ዳሩ አልተጨማደደም። ማታ ማታ ሚስቱ «እንዴት ነው?» ስትለው «ሸጋ ነው» ይላታል፤ ከልቡ ነው።

አንድ ማታ ግን ሐሳብ መጣለት።

«ከወንዙ በኋላ ያለውን ጠመዝማዛ ብሠራውስ? ስነዳበት የኖርኩት መንገድ ነው፤ ዓይኔ ተጨፍኖም አውቀዋለሁ። ሰባት መታጠፊያ ነው።»

«ሰው ሊተኛበት እኮ ነው!» አለች እትዬ መስመር። «አልጋው ላይ ያስመልሰው?»

ጠመዝማዛው በዚያው ቀረ።

በአራተኛው ሳምንት መጨረሻ ሐኪሙ አውቶቡስ ፈቀደላት። ክንዷ እንደታሰረ፣ ሹራቧን በአንድ ትከሻ አንጠልጥላ፣ ከባሏ ኋላ ሽመና ቤት ገባች። ሴቶቹ ተነስተው ከበቧት፣ ሳሟት፣ «እሰይ! እግዜር ይማርሽ!» አሏት። እሷ ከሰላምታው በላይ አሻግራ ሦስተኛውን ዕቃ ታያለች። ሄዳ ፊቱ ቆመች።

ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ደረጃ ላይ ወድቄ ነው ቤት የዋልኩት» አለች፤ «አንተ ደግሞ አልጋ ላይ ደረጃ ሠራህልኝ?»

ባሏ አየ። እስከዚያች ደቂቃ ረድፍ ረድፉን እንጂ ጨርቁን አላየውም ነበር። ሁለት መቶ ረድፍ፤ አርባ ቀጥ ያሉ፣ እኩል የሆኑ፣ ሹል ሹል ደረጃዎች፤ ከውሃው መስመር ሥር ተነስተው ወደ ግራ ይወርዳሉ።

«እፈታዋለሁ» አለ።

«የተቆላለፈ ሲፈታ ከመሥራት ይብሳል። ሁለት መቶ ረድፍ ለመፍታት ብቻ ሁለት ሳምንት ይፈጅብሃል። የቀረን ሁለት ሳምንት ነው።»

«ካልፈታነውስ?»

እትዬ መስመር መልስ ከመስጠቷ በፊት ከክፍሉ ጥግ ወዳለው መደርደሪያ አየች። ጉድለት ያለባቸው ሥራዎች የሚቀመጡት እዚያ ነው፤ ጥጋቸው ላይ ቢጫ ካርድ ይሰፋባቸዋል። በሃያ ሁለት ዓመት ከእጇ የወጣ ሥራ ቢጫ ካርድ አላየም። ሌሎቹ ላይ ሲሰፋ ከንፈሯን መጥጣ የምታልፍ ሴት ናት። ፉጨት ሁለት አላት፤ እትዬ መስመርም ሁለቱንም ታስታውሳለች።

«ቢጫውን እንቀበላለን» አለች። «ዕቃው ከሚሄድ።»

ድምጿ ምንም አልነበረበትም። ከዚያ ቀሪውን ቆጠረች፤ አራት መቶ ሰባ አምስት ረድፍ። ባሏ በቀን ሃያ አይሠራም። አርባ ያስፈልጋል።

አግዳሚው ላይ በግራ በኩል ቁጭ አለች። ልትጠቁመው ነው የተቀመጠችው፤ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም። እሱ ደፍቶ ረገጠ፤ መወርወሪያውን ላከ፤ መወርወሪያው ግራ ዳር ደርሶ ከታሰረው ክንዷ ሥር ብቅ አለ። እሱ እንደልማዱ ተንጠራርቶ ሊይዘው ሲል የእሷ ግራ እጅ ቀደመው። ነጩን ክር አዞረችው፤ መልሳ ላከችለት። በቀኝ እጁ ተቀበለው።

እርስ በርስ አልተያዩም። ክሩን ነው ያዩት።

«ሳበው» አለች።

ሳበ። ነጩ እየተከተለ ወደ ቀኝ ገባ። እሱ ወደ ጠመኔው ምልክት ሊያደርሰው ይስባል፤ ትስባለች እሷ ደግሞ ነጩን ይዛ ወደ ግራ።

«ተው እንጂ! አቁም!»

«ምልክቱ ጋ አልደረሰም።»

«ወራጅ አለ!» ብላ ጮኸች።

እጁ ቀጥ አለ። ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ጩኸት ያልቆመበት ቀን የለም። ሴቶቹ ሥራቸውን ጥለው ሳቁ፤ ፉጨት ዕንባዋን በመሀረብ ጠረገች።

«ጋሼ ረዳት ሆኑ በቃ! መሪውን ተቀሙ!»

«ዝም በይ አንቺ ልጅ» አለ። ነጥቧን ግን እያየ ነበር። ያረፈችው ከምልክቱ ሦስት ጣት ወዲያ ነው፤ ከላይዋ ካለው ረድፍ ጋር ምንም የሚያገናኛት ያለ አይመስልም። በማበጠሪያው መታት። ሌላ ረድፍ። «ወራጅ!» ሌላ ረድፍ። «ወራጅ!» አሥረኛው ላይ መስመሩ ከመጨረሻው ደረጃ ጫፍ ተነስቶ፣ የሚሄድበትን እንደሚያውቅ ሁሉ፣ ዝግ ብሎ ወደ ቀኝ መዞር ጀምሮ ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ ጠመኔውን ኪሱ ከተተው። የእሱ ሥራ መርገጥ፣ መላክ፣ መቀበል፣ ሲባል መሳብ፣ ሲባል ማቆም፣ መምታት ሆነ። የእሷ ሥራ ማዞርና መወሰን። በመሀል እጁ ሥራውን ሲለምድ ዓይኑ ነፃ ወጣ፤ እሷን ማየት ጀመረ። ነጥቧን የምትወስነው በዓይኗ አልነበረም። አውራ ጣቷን ካለቁት ረድፎች ላይ ታሳርፋለች፤ ከላይ ወደ ታች፣ ቁልፍ ቁልፎቹን እየዳሰሰች ታወርዳለች፤ ጣቷ ጨርቁ ካለቀ በኋላም ባዶው ድር ላይ ትንሽ ይንሸራተታል፤ የቆመበት ቦታ ላይ «ወራጅ» ትላለች።

ሃያ ዘጠኝ ዓመት አብሯት ኖሯል። ይህቺ ጣት ይህን እንደምትሠራ አያውቅም ነበር። በእነዚያ ዓመታት እሱ ጠዋት አሥራ አንድ ሰዓት ወጥቶ ማታ ይመለሳል፤ እሷ «ዛሬ ስንት ረድፍ ሠራሁ» ትለዋለች፤ እሱ «ዛሬ መንገዱ ተጨናንቆ ነበር» ይላታል። የተነጋገሩ ይመስላቸው ነበር።

«እንዴት ነው የምታውቂው?» አላት አንድ ቀን።

«ምኑን?»

«መቼ እንደሚዞር።»

አሰበች። ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር መሰለኝ፤ ለራሷም አዲስ ነገር እንደሆነባት ፊቷ ላይ ይታያል።

«ጣቴ ይደክመዋል» አለች። «ሲደክመው እመልሰዋለሁ። ሳበው፣ አታውራ።»

በቀን ሠላሳ አምስት፣ አርባ፣ አንዳንድ ቀን አርባ አምስት ሠሩ። ተጣሉም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሙሉ ሳይነጋገሩ ሠሩ፤ እሷ «ወራጅ» በማለት ፋንታ ክሩን ብቻ ሳብ ታደርግበት ነበር፤ እሱም በዚያው ገባው። ሴቶቹ የዚያን ቀን የተሠራው ከሁሉም ይልቅ የተስተካከለ ነው ብለው አሟቸው።

በስድስተኛው ሳምንት ዓርብ ከሰዓት በኋላ የመጨረሻዋ ረድፍ ተመታች። ኃላፊዋ ጨርቁን ከዕቃው ላይ ቆርጣ፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ፣ ዙሪያውን ሄደች። መዳፏን አሳለፈችበት። ገለበጠችው። ከዳሩ ጎተት አደረገችው። ደረጃዎቹ ጋ ስትደርስ ቆመች። ክፍሉ ውስጥ ማበጠሪያ የሚመታ አልነበረም።

«ይህን ማን ሠራው?»

«እኔ» አለ ሾፌሩ።

«ከዚህ በታች ያለውንስ?»

«እሷ» አለ እሱ። «እሱ» አለች እሷ። በአንድ ጊዜ ነው የተናገሩት።

ኃላፊዋ ከአንዱ ወደ ሌላው አየች። ከዚያ ወደ በሩ ሄደች። ወረቀቱን አነበበች፤ ከላይ እስከ ታች፣ ዘጠኙን ስም ጨምራ። እትዬ መስመር የአግዳሚውን ጠርዝ በግራ እጇ ይዛለች።

«ያለቀ ሥራ ነው የሚለው» አለች ኃላፊዋ ስትመለስ። «ያማረ አይልም። ይህ ጉድለት አለበት፤ ግን አልቋል።» መርፌና ክር አወጣችና የጨርቁን ጥግ ይዛ ቢጫ ካርድ ሰፋችበት። በካርዱ ላይ የሠሪው ስም የሚጻፍበት አንዲት አጭር መስመር አለች። እስክሪብቶዋን ይዛ ትንሽ ቆየች። «ሦስት ቁጥር» ብላ ጻፈችበትና ወደ መደርደሪያው ወሰደችው።

ዕቃው ቀረ ማለት ነው። ፉጨት እልል አለች፤ ሌሎቹም ተቀበሏት። እትዬ መስመር ግን መደርደሪያውን እያየች ነበር።

«ቢጫ» አለች።

«ቀይ አይደለም እኮ» አለ ባሏ። «በቢጫ ይታለፋል፣ ትንሽ ፈጠን ካሉ።»

«አንተማ ታልፋለህ፤ በሕይወትህ ለቢጫ ቆመህ ታውቃለህ?»

«እንግዲህ ትከሻሽ ድኖ ብቻሽን ስትቀመጪ በሚቀጥለው ሥራ ቢጫውን ታጥቢዋለሽ።»

እትዬ መስመር ባዶውን ዕቃ በግራ እጇ ጠራረገች፤ ብናኙን እፍ አለች።

«ክንዴ ከእንግዲህ ከደረቴ በላይ አይነሳም ብሏል» አለች። «ሐኪሙ።»

«መቼ ነው ያለው?»

«አውቶቡስ የፈቀደልኝ ቀን።»

ሰውየው አግዳሚው አጠገብ ቆመ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገቧ ተቀምጦ ሲረግጥ፣ እሷ ይህን ይዛ ነው «ወራጅ» ስትል የነበረችው። እሱ ደግሞ ከሰኞ ጀምሮ ቤት ስለሚተኛው እንቅልፍ ሲያስብ ነበር። አሁን መስኮቱን አየ፣ ሁለቱን መርገጫዎች አየ፣ ድር ያልተወጠረበትን እንጨት አየ።

«ክር የለንም» አለች እሷ፣ ቀና ሳትል። «መጋዘኑ ሳይዘጋ ሄደህ አምጣ።»

«ምን ዓይነት?»

«ሁለት ይሁኑ።»

«ቀለሙን ነው የምልሽ።»

«ሰማሁህ። አንተ ምረጥ።»

መጋዘኑ ከግቢው ማዶ ነው። ሾፌሩ ሹራቡን ከምስማሩ ላይ አውርዶ ለበሰ፤ በሩ ላይ ቆሞ ከቅንድቡ ላይ ብናኙን ጠረገና ወጣ። ግቢው ውስጥ በገመድ ላይ ለመድረቅ የተሰቀሉ ባለቀለም ክሮች በሦስት ረድፍ ተንጠልጥለዋል፤ አንዳንዶቹ ገና ይንጠባጠባሉ። በመካከላቸው አልፎ መሄድ ነበረበት። አንዱ ጋ ቆመ፤ በመዳፉ ጫፍ አነሳው፣ ወደ ብርሃኑ አዞረው፣ ተወው። ሌላው ጋ ቆመ። ከዚያ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ ጎንበስ እያለ፣ አንዱን ገመድ ካለፈ በኋላ ሁለተኛውን፣ ቀስ እያለ ወደ ማዶ ሄደ።